ጡትን ያስናቀ አውራ ጣት

እኅቴ ወኒሳ አራት ልጆች ወልዳለች። ሦስቱ እንደ ሰው ልጅ ሁሉ እየጮኹ መጡ። አራተኛው ኸሚስ ግን ከማህፀን ሲወጣ የግራ አውራ ጣቱን በአፉ እንደያዘ ነበር ይባላል። ይህን የምትለው አዋላጇ ሐጃ ዱጃ ናት። ሐጃ ዱጃ ወሬ ስታበስል ጨው አትቆጥብምና ግማሹን ብቻ እመኑ። እኔ የምጽፈው ራሴ ያየሁትንና ነገሩ ከሚመለከታቸው ሰዎች አፍ የሰማሁትን ነው።

ልጁ ጡት አልጠላም። ጉንጮቹ እስኪጎደጉዱ ይስብ ነበር። ሲጠግብ ግን የእናቱን ጡት በመዳፉ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ልክ «በቃኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ከማዕድ እንደሚነሣ ሽማግሌ። ከዚያ ትንሿ ጡጫው ፊቱ ላይ ትንከራተታለች። አንዴ ዓይኑን ትመታለች፣ አንዴ ጆሮውን ትጭራለች፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ አፉን ያገኛል። ሌባ ጣቱ አፍንጫው ላይ ይቆለመማል፤ ቀኝ እጁ የእናቱን ሻሽ ጫፍ ይይዛል። ለራሱ «እምም» እያለ እሹሩሩ ይላል፤ ሳይቆይ ተኝቷል። በባሕር ጠረፍ ከተማችን በመህዲያ፣ በምንኖርበት መንገድ፣ ሌሎች እናቶች ልጅ ለማስተኛት ሲያዜሙ፣ ሲወዘውዙና ሲማጸኑ ያመሻሉ። የወኒሳ ልጅ ራሱን ያስተኛል፤ እሷም ሽመናዋን ትቀጥላለች።

ይህ ምስጋና ይገባው ነበር፤ ያመጣባት ግን ሐሜት ነው። በእኛ መንገድ ጣቱን የሚጠባ ሕፃን የተራበ ሕፃን ነው። «ከጡት ያጣውን ከጣት ይለቅማል» አሉ። «የወኒሳ ወተት ውሃ ነው፣ የሽንብራ መዘፍዘፊያ ውሃ» አሉ። ወኒሳ መጀመሪያ ላይ ትከራከር ነበር። ሲርበው ጣቱን ተፍቶ ሰፈሩን በጩኸት ይነቀንቃል፤ ጣት ወተት እንደሌለው ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል ትላቸዋለች። ልጁም በየሳምንቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል ይታይ ነበር። ነገር ግን ሐሜት ዓይን የለውምና መከራከሩን ተወችው።

ከወኒሳ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ሙንጂያ ትኖር ነበር፤ የዓሣ አጥማጁ የሐሙዳ ሚስት። በኋላ ሐጅ አድርጋ ሐጃ ሙንጂያ ተብላለች። ከኸሚስ ሁለት ወር ቀድማ ሴት ልጅ፣ ሰልዋን፣ ወልዳ ነበር። እንደዚች ሴት ወተት የበዛላት አልታየም። ቀሚሷን በቀን ሦስት ጊዜ ትለውጣለች። እናት የታመመችበት፣ ወተት የደረቀበት፣ መንታ የበዛበት ሁሉ ሕፃኑን ይዞ ወደ እሷ ይሮጣል። እሷም ማንንም አትመልስም። በየልደቱ ሰባተኛ ቀን ድግስ ላይ ከአያቶች ቀጥሎ የምትቀመጠው እሷ ናት። ስትቀመጥም እንዲህ ማለት ልማዷ ነው፦ «ከዚህ መንገድ ሕፃን ጡቴን እንቢ ያለ የለም።»

የዚህ መዘዝ ቆይቶ ነው የገባን። በሃይማኖታችን ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እኅት ናቸው፤ መጋባት የለም። ልጆቹ ለአቅመ ጋብቻ ሲደርሱ አንዱ የአንዷን ስም ባነሣ ቁጥር አሮጊቶች ጣታቸውን ይቆጥሩና «የሙንጂያ ወተት አለበት» ይላሉ። የመንገዳችን ጎረምሶች ሚስት ፍለጋ ከከተማው በር ማዶ መኳተን ጀመሩ። ሙንጂያ መንገዳችንን በወተት አጠረችው እያልን እንቀልድ ነበር።

አሁን ወደ አንዲት ቀን ልመለስ። ኸሚስ አራት ወር ሲሆነው እናታችን በገጠር አረፈች። በእኛ ዘንድ የሚጠባ ልጅ ይዞ ሬሳ ያለበት ቤት አይገባም። ወኒሳ ጎሕ ሲቀድ ልጁን እስኪጠግብ አጠባችና ለሙንጂያ ትታው ከእኔ ጋር ሄደች። የተመለስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ደረቷ በወተት ተወጥሮ፣ ቀሚሷ ርሶ፣ እየሮጠች ገባች። ሙንጂያ ልጁን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ልጁ ጣቱን ጎርሶ ነበር፤ እናቱን ሲያይ ጣቱን ተፍቶ ጮኸ።

በሩ ላይ በሁለቱ ሴቶች መካከል የሆነውን እኔ ያወቅሁት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ኸሚስ የሙንጂያን ጡት አልነካም። በግራ ሰጠችው፣ በቀኝ ሰጠችው፤ ፊቱን አዙሮ ጣቱን ጎረሰ። ሲርበው ጮኸ፤ ጡቱ ሲቀርብለት አፉን እንደ በር ዘጋ። ቀኑን የዋለው በማንኪያ በተሰጠው፣ ስኳርና ከብርቱካን አበባ የተነጠረ ጠብታ ባለበት ውሃ ነው። ሙንጂያ ይህን ለወኒሳ ነገረቻትና እጇን ያዘቻት። ሕፃን ጡት እንቢ ካለ ጡቱ ላይ መጥፎ ነገር ሸቶት ነው ይባላል፤ ይህ ከተሰማ ነገ ልጁን የሚያመጣልኝ የለም አለቻት። ወኒሳም ላልናገር ብላ ቃል ሰጠቻት። እናቷን ቀብራ የመጣች ሴት ክርክር የት ታመጣለች?

ስለዚህ ሙንጂያ በየድግሱ «እንቢ ያለኝ የለም» ማለቷን ቀጠለች። ወኒሳም «ወተቷ ውሃ ነው» መባሏን ቀጠለች።

ኸሚስ አደገ፤ ጣቱም አብሮት አደገ። ሁለት ዓመት ሞልቶት ጡት ሲተው ጣቱን አልተወም። እሬት ተቀባ። ፊቱን አጨማዶ አለቀሰ፤ ከዚያ እንባው ሳይደርቅ እሬቱን ልሶ ጨረሰና ወደ ጣቱ ደረሰ። ሐጃ ዱጃ «ድልህ ቀቡት» አለች። ድልህ ተቀባ። ያን ዕለት ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። በሦስተኛው ቀን ግን ልጁ ራሱ ጣቱን ድልሁ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ሲልስ ተገኘ። ዛሬም በመህዲያ ድልህ በማንኪያ የሚበላ ሰው ብትፈልጉ እሱን ነው የምታገኙት። እጁን በጨርቅ ከረጢት አሰሩት፤ ከረጢቱን በጥርሱ ፈታው። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ጂላኒ ሽመናው አጠገብ አስቀምጦ ክር እንዲያቀብለው አደረገ። ለዚያ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ጣቱ ማንም ሳይከለክለው በራሱ ጊዜ ከአፉ ወጣ።

ጨርሶ ወጣ ማለቴ አይደለም። ኸሚስ የሙሽራ መቀነት ከሚሸምኑት ሁሉ የሚመረጥ ሆነ፤ አባቱ ከሞተ በኋላም ሥራው አልቀዘቀዘም። ታዲያ ጥበቡ ሲያስቸግረው መወርወሪያውን ያስቀምጥና የግራ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያሳርፋል። ጢም ያለው ሰው ነው፤ አይጠባም፤ ያሳርፋል ብቻ። ከዚያ «አገኘሁት» ይልና ይቀጥላል። ሰልዋ የሐር ክር ልታደርስ ስትመጣ ይህን አይታ ሳቀች። ቀና ብሎ ሲያያት ጣቱን ከኋላው ደበቀ። «ኧረ ግድ የለህም፣ ጨርስ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለችው። የሁለቱ ነገር የጀመረው ከዚህ ነው።

ሰልዋ ለእናቷ ስትነግር ሐጃ ሙንጂያ በደስታ እሺ አለች። ወኒሳም እሺ አለች። ሁለቱ ሴቶች ልጁ ያንን ጡት እንዳልነካ ያውቃሉና ምን ያሳስባቸዋል? የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን የሚያውቁት እነሱ ብቻ መሆናቸውን።

የእጮኝነቱ ቀን እኔ በልጁ አባት ፈንታ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። እኛ ወንዶቹ በሐሙዳ ቤት የእንግዳ ክፍል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ በግቢው ተቀምጠናል። የመስጊዳችን ሼኽ ሸድሊ እጮኝነቱ የሚጸናበትን ጸሎት፣ ፋቲሓን፣ ሊያነቡ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም የተምር ጣፋጭ ሰሃኑን በዓይኔ እየጠበቅሁ እጄን ዘረጋሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የሐጃ ዱጃ ድምፅ መጣ።

«ሼኻችን፣ ትንሽ ይታገሡኝ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ዛሬ ያልተናገርኩትን ነገ መቃብር ውስጥ አልናገረውም። ሙንጂያ፣ ከዚህ መንገድ ሕፃን ጡቴን እንቢ ያለ የለም ስትዪ አልኖርሽም? ወኒሳ እናቷን የቀበረች ዕለት ይህ ልጅ የዋለው የማን ጭን ላይ ነው? ታዲያ ልጅሽን ለወንድሟ ልትድሪያት ነው?»

ሼኽ ሸድሊ እጃቸውን አጠፉ። እኛም አጠፍን። ሐሙዳ መጋረጃውን ያያል፣ እኔ ሐሙዳን አያለሁ፣ ኸሚስ ማንንም አያይም። ሼኹ በእኛ ሕግ አንዲት ጉንጭ ወተት ከጉሮሮ ከወረደች እንደምትበቃ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሐጃ ሙንጂያን አጥብታው እንደሆነ ጠየቋት።

በግቢው ርግቦች ይራመዱ ነበር። በመጨረሻ ሐጃ ሙንጂያ «ላስታውስ» አለች።

«የአርባ ሕፃን ስም በቃሏ የምትጠራ ሴት፣ የራሷን አማች ረሳች» አለች ዱጃ።

ሼኹ እስከ ዓርብ ቀን ሰጧት። እኔ ሰሃኑን እንደ ሞላ ትቼው ወጣሁ፤ ይህም በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ወኒሳ ቤት ሄጄ ተቆጣሁ። ልጅሽ ጡቷን ጠብቶ ከሆነ ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ አልኳት። ያን ጊዜ ነው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የነገረችኝ። ገረመኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«ታዲያ ዛሬስ ለምን አልተናገርሽም? ልጅሽ እኮ ሚስት ሊያጣ ነው።»

«ቃል ሰጥቻታለሁ፣ ፈርጃኒ።»

«ሃያ አምስት ዓመት ወተትሽ ውሃ ነው ሲሉሽ ኖረዋል።»

«ኖረዋል። ልጄም አድጓል፤ እንዲያውም ከበር ቁመት አልፏል። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ለልጇ ብላ ነው ይላሉ። ነገሩ የሙንጂያ ነው፤ እሷ ታውጣው። አንተም የሰማኸውን ዋጠው።»

ዋጥኩት። አልጣፈጠኝም።

እስከ ዓርብ ድረስ የነበሩት ሦስት ቀናት ለኸሚስ ከበዱት። በባሕሩ ዳርቻ የሚያገኛቸው ጓደኞቹ በጠዋት «እኅትህ ደህና አደረች?» ይሉታል። በጣም የሚወደው አንዱ ደግሞ ለሠርጉ ያሰበውን ስጦታ ለግዝረት ድግስ ያድርገው እንደሆነ ጠየቀው። ኸሚስ ይሸምናል፤ የሸመነው ግን ተበላሸ። የአንዲት ሙሽራ መቀነት ላይ በጥለት የሚሸመነው ዓሣ ጅራቱን ከራሱ በፊት አገኘ። እኔ ስገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አሳርፎ ተቀምጦ ነበር።

«አጎቴ፣ ጠብቼ ይሆን?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የአራት ወር ልጅ ነበርክ።»

«እሱማ ነው። ባስታውስ ግን ጥሩ ነበር።»

እውነቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ውሃ ጠጥቼ መለስኩት።

ሐጃ ሙንጂያ ደግሞ በሯን ዘጋች። ሰው ቢያንኳኳ ራሴን አሞኛል ትላለች። በቤቷ ውስጥ የሆነውን ኋላ የነገረችን ሰልዋ ናት። እናትየዋ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ንጹሑን ሳህን እንደገና ታጥባለች። ሰልዋ በመጀመሪያ ጠየቀች፤ እናቷ ላስታውስ አለች። በሁለተኛው ቀን አለቀሰች፤ እናቷ ላስታውስ አለች። ሐሙስ ማታ እራት ቀርቦ ማንም ሳይነካው ሰልዋ ተናገረች።

«እማ፣ ወተትሽ ለአርባ የሰው ልጅ በቅቷል። ለእኔ አንድ ቃል ጎደለብሽ?»

ሐጃ ሙንጂያ ዓሣውን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችና «ብዪ» አለች፤ «ነገ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

ዓርብ ከሰላት በኋላ ሰው ሁሉ የተጠራው በእሷ ግቢ ነው። ሼኹ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ሐሙዳና ኸሚስ አሉ። ሴቶቹም መጋረጃ ሳይጋረድ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ሐጃ ዱጃ ከሁሉ ፊት ናት፤ ጆሮዋ እንዲሰማላት ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋለች። ሐጃ ሙንጂያ የሠርግ ቀን የምትለብሰውን ለብሳ መጣችና መካከል ላይ ቆመች።

«አርባ ሕፃን አጥብቻለሁ፤ እንቢ ያለኝ የለም ብያለሁ» አለች። «ዋሽቻለሁ። አንድ አለ። እሱውና እዚያ የተቀመጠው ነው።»

ዱጃ አገጯን በመዳፏ ደገፈች። «እንቢ አለሽ?»

«እንቢ አለኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዱጃ፣ ጆሮሽ ደህና ነው። በግራ ሰጠሁት፣ በቀኝ ሰጠሁት፣ ተነሥቼ እየዞርኩ ሰጠሁት። ዓይን ዓይኔን እያየ አውራ ጣቱን ጎረሰ። አንዲት ጠብታ አልቀመሰም፤ በአላህ ይሁንብኝ።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዱጃ አፏን ልትከፍት ስትል ሐጃ ሙንጂያ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

«አልጨረስኩም። ወኒሳ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ለእኔ ብላ ሃያ አምስት ዓመት ዝም አለች። እኛ ደግሞ ወተቷ ውሃ ነው ስንል ኖርን፤ ቀድሜ ያልኩትም እኔ ሳልሆን አልቀርም። እንግዲህ የእሷን ወተት የቀመሰ ልጅ የእኔን ባሕር ናቀ። የማን ወተት ውሃ እንደ ነበር እናንተው ፍረዱ።»

ወኒሳ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላየሁም፤ እኔም የራሴን ዓይን እየጠረግሁ ነበር።

ሐጃ ሙንጂያ ግን ተሸንፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ወደ ሼኹ ዞራ ቀጠለች፦ «ደግሞ ልብ ይበሉልኝ፣ ሼኻችን። ያ ቀን ልጄ ሰልዋ አጠገቡ ተኝታ ነበር። ልጁ እሷን አየ፣ ጡቱን አየ፣ አሰበ፣ ጣቱን ጎረሰ። በአራት ወሩ እንዲህ አርቆ የሚያይ አማች በዚህ ከተማ ማን አግኝቷል?»

የኸሚስ ጣት ወደ ከንፈሩ ሲጓዝ ሁላችንም አየነው። እሱም እንዳየነው አየና መንገድ ላይ አስቆመው። ሼኽ ሸድሊ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቢሆንም ሼኹ ሕግ አዋቂ ናቸው፤ ነገ ሌላ ዱጃ እንዳትነሣ ቃሏ ይጻፍ አሉ። ጻፉት። አንብብላት ብለው ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው፤ በአደባባይ ካነበብኩት ሁሉ ግን እንደዚያ ወረቀት በኩራት ያነበብኩት የለም። «ሕፃኑ ጣቱን መርጦ ጡቱን አልተቀበለም» የሚለው ላይ ስደርስ ዱጃ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት።

ሐጃ ሙንጂያ መጻፍ ስለማትችል ሼኹ የቀለሙን ዕቃ አቀረቡላት። አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ በኃይል ተጫነች። ፋቲሓው ተነበበ፤ የሴቶቹ እልልታ ርግቦቹን ከጣሪያው አስነሣ፤ የተምር ጣፋጩም በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ አንዱን ጎርሼ ቀና ስል ሐጃ ሙንጂያ የጣቷን ጥቁር ቀለም እያየች ነበር። የሠርግ ልብሷን እንዳይነካባት ዙሪያዋን ቃኘች፤ መጥረጊያ አጣች። ከዚያ ምንም ሳታስብ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ መጠጠችው።

ሐጃ ዱጃ ወኒሳን በክርኗ ነካቻት። ሐጃ ሙንጂያ ዙሪያውን አየች፣ ምን እንዳደረገች ገባት። ሁላችንም ምን እንደምትል ጠበቅን። እሷ ግን ወደ አማቿ ወደ ኸሚስ ተመለከተችና ጣቷን ሳታወጣ፣ ጎላ አድርጋ፣ ደግማ መጠጠችው።